አሥራ አምስት ሚሊ ሰከንድ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
ካርቶን የለበሰች ክፍል፣ ሁለት ሰው የማታስገባ።
(የእንቁላል ካርቶን ነው፤ እንቁላሉን ማን እንደበላው እንጃ፣
ድምፅ ይውጣል ተብሎ ተለጥፏል እንደ ስጋጃ።)

የሆጤ ልጆች ድራማ አላቸው፣ ለትምህርት መዝጊያ፤
ሮቦት አለበት፣ ከሰማይ ወርዶ ጦሳ ላይ ማረፊያ
የጠፋበት።
ቃሉን ያነበበችው ጦይባ ናት፣ የሰባተኛ ክፍል፤
ድምፅዋ ገና ወተት ወተት ይላል፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ የምድር ሰዎች» ስትል
እንኳን ከሰማይ፣ ከኩታበር የመጣች አትመስል።

እና ሥራው የኔ ሆነ፤ ከልጅ ጉሮሮ ብረት ማውጣት።
ድምፅዋን ቀዳሁት፣ አባዛሁት፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደረብኩት፣
ቅጂውን አሥራ አምስት ሚሊ ሰከንድ ወደ ኋላ ጎተትኩት።
ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ግን በቃ፤ ራሷን ተከትላ
የምትሄድ ልጅ ሆነች፣ ቃሏ ለቃሏ ጥላ።

ቀጥሎ ዜማውን ነጠቅኳት፤ ሲጠይቅ የሚነሳውን፣
ሲያፍር የሚወድቀውን፣ ሳቅ ሊመጣ ሲል የሚሳሳውን፣
በማውዝ ይዤ ለጥ አደረግሁት እንደ ቆቦ ሜዳ፤
ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ ሹሹታ ደባለቅሁ፤ ልጅቱ ወጣች፣ ገባ እንግዳ።

«ጤ—ና—ይስ—ጥል—ኝ—የም—ድር—ሰ—ዎች»

ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። እጄ ማውዙ ላይ ቆመ።
ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ነው የከረመ።

ጋሼ ይመር፣ የእናቴ ወንድም፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ፣
ሠላሳ ዓመት ያለ ማይክ የአውቶብስ ስም ጠሪ፤
«ባቲ! ባቲ! ከሚሴ! ሐይቅ! መርሳ! ወልድያ!»
ሲል፣ ጉሙ ራሱ መንገድ ይለቃል ይባል ነበር ከመናኸሪያ።
«ወ»ን ለብቻዋ ይጎትታት ነበር፣ ሎንቺናው ሞልቶ እስኪተርፍ፣
አንዲት አሮጊት ከነፍየሏ ሮጣ ደርሳ እስክትሰለፍ።

አምና ሐኪሞች ጉሮሮውን ከፍተው ዕጢውን ከነድምፁ አወጡት፤
የእጅ ባትሪ የምታህል መሣሪያ ናት በምትኩ የሰጡት።
አንገቱ ሥር ያስጠጋትና ይጫናታል። ዝዝዝ ትላለች፤
ጨውንም ሞትንም ባንድ ቁና ትሰፍራለች።
እኛ ቤት ማንም ስለሷ አያነሳም።
እናቴ ወሬ ትቀይራለች፤ ታናሼ አቀርቅሮ ምሳውን ያማስላል፣
እኔ ተነስቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ሬዲዮው ለሁላችን ያወራል።

ታዲያ እዚህ ተቀምጬ፣ ለልጆች ሳቅ፣ ለጭብጨባ፣
እሱ የሚሸሸውን ድምፅ ስሞርድ፣ ሳስጌጥ፣ ሳባባ!

የሠሩትን የምትመልስ ቁልፍ አለች፤ ተጫንኳት።
ብረቱ ሄደ። ደግሜ ተጫንኳት።
ዜማው መጣ፤ ጦይባ ብቻዋን ቀረች፣ ንጹሕ።
አምስት ጊዜ መመለስ ይቻላል። ሃምሳ ጊዜም። እዚህ።
እዚህ ብቻ።

መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ያንገራግር ጀመር።
በሩ ተንኳኳ፤ ከጉም የወጣ ካፖርት፤ ጋሼ ይመር።
ምሳ ይዞልኝ መጥቶ፣ ደጅ ቆሞ ሰምቷል ለካ፤
መሣሪያዋን ከኪሱ አወጣ፣ ካንገቱ አስነካ፤
«ለ—ዚህ—ነ—ው—ሦ—ስት—ቀን—ያል—ተ—ኛ—ሽው?
ማ—ይ—ኩን—አም—ጪው።»

የሰጠሁትን ወረቀት ገፋው። «ሮ—ቦ—ቱ—ወ—ዴት—ነው—የ—ሚ—ሄ—ደው?»
«ወደ ሰማይ ይመለሳል» አልኩት።
«ታ—ዲያ—ተ—ሳ—ፋ—ሪ—አይ—ጠ—ራም?»

ዓርብ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፤ የቸኮሌት ወረቀት የለበሰው ሮቦት
ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ከስፒከሩ ግን ሌላ ሰው ወጣበት፤
«ሰ—ማ——ይ! ሰ—ማ——ይ! አን—ድ—ሰው—የ—ቀ—ረው!»
ሦስት ሕፃናት ከእናታቸው ጭን ወርደው ሮጡ፣
እንዳይቀሩ።
ጋሼ ይመር ከኋላ ወንበር ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤
ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ግን ያስታውቃል።

ፋይሉ አሁንም አለ። አንድም ነገር አልጨመርኩበትም።
ሞገዱ እንደ አጥር እኩል እኩል ነው፣ አይነሳም፣ አይወድቅም፤
«ማ» ላይ ሲደርስ ብቻ ይረዝማል።
ጎተታት።
ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሆነች ልለካት ብዬ
ተውኳት።